ኮሶ ለባሕር ትል

ዘሀራ ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ኮሶ ስትሸጥ ነው ፀጉሯ የሸበተው። ድሮ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ማለት ደም የሚያቃባ ስድብ ነበር ይባላል። እሷ ግን ሁለት ወንዶች ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ኮሶ ስለሆነ ስድቡ አይሞቃት አይበርዳት። የሆድ ትል ያስቸገረው ሰው ክሊኒክ ደርሶ፣ ክኒን ውጦ፣ አልሆን ሲለው ዞሮ ዞሮ መደቧ ፊት ይቆማል። ኮሶ የጠጣ ደንበኛዋ በማግስቱ በዚያ ሲያልፍ ካየችው ደግሞ አላፊ አግዳሚው ሰማ አልሰማ ሳትል ትጮኽበታለች፤ «ራሱ ወጣ?» የትሉ ራስ ሆድ ውስጥ ከቀረ ተመልሶ እንደሚያድግ የማያውቅ ወሎዬ የለም። እሷ ቀምማ ያልወጣ ትል እንደሌለ የምትናገረው ራሷ ዘሀራ ናት፤ እስካሁን የተከራከራትም የለም።

በ1974 ዓ.ም. ግን ያስጨነቃት የሰው ትል ሳይሆን የልጇ ትዳር ነበር።

ትልቁ ልጇ ሙሄዲን በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ ቀን ማለዳ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። የት እንደደረሰ የነገራት የለም፤ መጠየቁም ለጠያቂው ስለማይበጅ ዝም አለች። ዝም አለች እንጂ ተስፋ አልቆረጠችም። ሞተ ብሎ ያረዳት ሰው እስከሌለ ድረስ አንድ ቀን መጥቶ በሩን ያንኳኳል፤ ያን ቀን በሩን የሚከፍትለት ሰው መኖር አለበት። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ሰው «ልጅሽ ጋ ወርደሽ ለምን አትኖሪም?» ሲላት «ደንበኞቼን ለማን ጥዬ?» እያለች ታልፈዋለች።

የቀራት ልጅ የሱፍ ነው። የአሰብ መስመር ሹፌር ነው፤ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ይዞ ከአሰብ ወደብ ኮምቦልቻ ይመላለሳል። ሲያገባ አጠገቤ ይኖራል ብላ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቷ ጎን አንድ ክፍል አስቀጥላ፣ አስመርጋ፣ ኖራ አስቀብታ ጠበቀችው። የሱፍ እውነትም አገባ። ሚስቱ ሸሪፋ አሰብ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አባቷ ከደጋን ሄደው ወደብ ላይ የጫኝና አውራጅ አለቃ የሆኑ ሰው ናቸው። ቆንጆም ጨዋም ናት፤ ዘሀራ ይህን አትክድም። ችግሩ የሱፍ ሙሽራዪቱን ይዞ የደሴን ዳገት አለመውጣቱ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ቤት ተከራየ። ምክንያቱ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ዓሣ ነው።

ሸሪፋ ለጥሎሿ ወርቅ አልጠየቀችም። የኒካሑ ዕለት «መህርሽ ምን ይሁን?» ስትባል ሳሎኑ ጥግ ወደቆመው የመስተዋት ሣጥን ጠቆመች። ሣጥኑን አሰብ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ነው ለአባቷ ትቶላቸው የሄደው። ማዕዘኑ ብረት ነው፤ ውስጡ የባሕር ውሃ፣ የባሕር ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ እንደ አበባ የሚከፈትና የሚከደን መርጃን፣ ዛጎሎች፣ በመሐላቸው ነጭ ቀበቶ የታጠቁ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች። «መህሬ ይሄ ነው» አለች ሸሪፋ። «ከነነፍሱ ይዞልኝ ይሂድ፣ ውሃውንም ዕድሜ ልኩን ያመላልስልኝ።» ሽማግሌዎቹ ሳቁ። የሱፍ ግን ቃል ገባ፣ ቃሉንም ጠበቀ። ከአሰብ በመጣ ቁጥር የባሕር ውሃ በጀሪካን ይጭናል። ኬላ ላይ ወታደሮቹ ጀሪካኑን ከፍተው ያሸታሉ፤ አላምን ያለው ይቀምሰዋል፣ ይተፋና «ሂድ እባክህ!» ይለዋል። የኮምቦልቻ ቀበሌ ሊቀ መንበርም ሣጥኑ ቅንጦት መሆን አለመሆኑን ሊያጣራ አንድ ቀን መጥቶ ነበር። አንዷ ዓሣ መስተዋቱ ላይ ተለጥፋ አፏን እየከፈተች ብታፈጥበት ጊዜ ሳቁ መጣና ሄደ።

ያ ውሃ ሙቀት ይፈልጋል። የደሴን ቁር አንድ ሌሊት አይችለውም። ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ስለሆነ እዚያ ቀሩ።

«ለዓሣ ብርድ አዝኖ እናቱን ብርድ ላይ የተወ ልጅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» ትላለች ዘሀራ፣ አጠገቧ ነጭ ሽንኩርት ለምትሸጠው ለሥርጉት። ሥርጉት ክርስቲያን ናት። «እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ጾም ሲገባ ላኪልኝና ጠብሼ ልገላግልሽ» ትላታለች። ሁለቱም ይስቃሉ። የዘሀራ ሳቅ ግን ከጥርስ አያልፍም።

አንድ ቀን የሱፍ የመኪና ዕቃ ሊፈልግ ደሴ ወጣና መደቧ አጠገብ ቁጭ አለ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ምነው ልጄ? አሞሃል?»

«እኔ ደኅና ነኝ እማ። ሸሪፋ ናት፤ ስታለቅስ ሰነበተች። ባሕሯን ትል እየበላባት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸሪፋ ከአባቷ ቤት ጀርባ ካለው ባሕር ዳር አንድ ድንጋይ አምጣልኝ ብላ ለመነችው። እሱም ሱሪውን ጠቅልሎ ገባና፣ ሲያመጣ እንደ ወንድ ነውና፣ ትልቁን መርጦ አመጣ። ድንጋዩ ውስጥ ለካ ትል ተደብቆ ኖሯል። መጀመሪያ ጣት ያህል ነበረ። አሁን ክንድ አልፏል። ዛጎሎቹን አንድ በአንድ በልቶ ጨረሰ፤ ከሁለቱ ዓሦችም አንዷ የለችም።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ» አለች ዘሀራ።

«ወላሂ እማ፣ ዘንዶ ነው የምልሽ።»

«አብሽር፣ አላህ ያውቃል» ብላ ሸኘችው። ዞር ሲል ግን ከአፏ ሾልኮ የወጣው ቃል «አልሐምዱ ሊላህ» ነበር። ደንግጣ «አስተግፊሩላህ» አለችበት። ልቧን ግን ማን ይከልክለው? ያ ሣጥን ከደረቀ ኮምቦልቻ ላይ የሚያስቀምጣቸው አንድም ነገር የለም። ኖራ የተቀባው ክፍል ባለቤት ያገኛል፤ የሱፍ ከመንገድ ሲመለስ በሷ በር ይገባል፤ እሷም ከሙሄዲን በር ሳትርቅ የሁለተኛውን ልጇን ድምፅ ትሰማለች። ከዚህ ሌላ ከዱንያ የምትፈልገው የላትም።

በሳምንቱ ምራቷን ልታጽናና ተነሣች። ሥርጉት ቤቷ እያደረች እንድትጠብቅላት ለመነች፤ ሥርጉትም ለምን ባዶ ቤት እንደሚጠበቅ ሳትጠይቅ እሺ አለች። ከዚያ ዘሀራ ሎንችና ላይ ተሳፍራ ቁልቁለቱን ወረደች። ከዘንቢሏ ሥር የኮሶ ቋጠሮ ነበር። ለምን እንደያዘችው ብትጠየቅ ልማድ ነው ትል ነበር።

የሱፍ ወደ አሰብ ሄዷል። ሸሪፋ ጉልበቷን ስማ፣ እግሯን አጥባ፣ ያላትን አቅርባ ተቀበለቻት። እንከን የሚወጣላት ልጅ አይደለችም። ዓይኗ ብቻ አብጧል። ሳሎኑ ውስጥ ሣጥኑ በቀትር ጋቢ ለብሶ ቆሟል።

«ብርድ ያዘው እንዴ?» አለች ዘሀራ፤ ትንሽ ምፀት አላጣትም።

«አይ እትዬ፣ ላታልለው ብዬ ነው። ብርሃን ካየ አይወጣም፤ ሲጨልምበት ነው የሚወጣው። የመሸ ይምሰለው ብዬ ሸፈንኩት። ይምጡ ሊያዩት ከፈለጉ፣ ቀስ ብለው።»

ከድንጋዩ ሥር ቁራጭ ሥጋ ጥላለታለች። የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አድርገው ሁለቱም አጎንብሰው አዩ። ከድንጋዩ ቀዳዳ አንድ ነገር እየተሳበ ይወጣል፣ ይወጣል፣ አያልቅም። ውፍረቱ እንደ አውራ ጣት፣ መልኩ እንደ ጉበት፣ ግራና ቀኝ ጎኑ ዳር እስከ ዳር ነጭ ፀጉር የቆመበት። ሥጋዋን ዋጥ አድርጎ ግማሽ አካሉን እንኳ ሳያሳይ ተመልሶ ገባ። ዘሀራ ከሰው ሆድ የወጣ ስንት ጉድ ያየች ሴት ናት። ይህን ግን አይታ አታውቅም።

«የባሕር አባጨጓሬ!» አለች።

«እንደ አባጨጓሬም ያቃጥላል» አለች ሸሪፋ የቀላ ጣቷን እያሳየች። «ጠርሙስ ውስጥ ሥጋ አድርጌ አጠመድኩለት፤ አንገቱ አላስገባው አለ። አንድ ጊዜ በወረንጦ ይዤ ጎተትኩት፤ ተበጠሰና ግማሹ ቀረ። ያ የቀረው ነው እንዲህ የሆነው።»

«ራሱ ስላልወጣ ነዋ!» አለች ዘሀራ ተቆጥታ። የሙያ ነገር ሲነሣ የሰው ቤት መሆኗን ትረሳለች። «ትል እንዴት ይጎተታል? ድንጋዩንስ ለምን አታወጪውም?»

«መርጃኖቹ በላዩ ተያይዘው በቅለዋል። እሱን ካነሣሁ ሁሉም ይናዳል።»

ይህን እያወሩ መብራት ጠፋ። ሣጥኑ ውስጥ አየር የሚነፋው ትንሽ ሞተር ዝም አለ። ሸሪፋ ቃሏን ሳትጨርስ ተነሥታ የብስክሌት መንፊያ አመጣች፣ ቱቦውን ውሃው ውስጥ ከተተችና መንፋት ጀመረች። መብራቱ እስኪመጣ ክንዷን እየቀያየረች ነፋች። የሱፍ መንገድ ላይ ሲሆን ሁልጊዜ ብቻዋን እንደምትነፋ ነገረቻት። ለዓሣ ትንፋሽ የምትሰጥ ሴት ዘሀራ ያን ቀን አየች። ልታዝንላት ዳር ዳር ስትል ኖራ የተቀባውን ክፍል አሰበችና ልቧን መልሳ አጠነከረችው።

በማግስቱ ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ተባለ። ሸሪፋ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሰልፍ ሄደች። ዘሀራና ሣጥኑ ብቻ ቀሩ።

እንግዲህ ትል ትል ነው ብላ አሰበች። የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን የሚያወጣ ኮሶ የመስተዋት ሆድ ውስጥ ያለውን የማያወጣበት ምን ምክንያት አለ? ትሉ ብቻ ከሞተ ምራቴ ትመርቀኛለች። ሁሉም ከሞተ ደግሞ... ይህን ሐሳብ እስከ መጨረሻው አላሰበችውም፤ ግን የት እንደሚያደርስ ታውቀዋለች። ለሰው አንድ ጣሳ ይበቃል፤ ይሄ ግን ባሕር ነው ብላ ቋጠሮውን በሙሉ ወቅጣ በጠበጠች። «ቢስሚላህ» ብላ ገለበጠችው።

ውሃው መጀመሪያ ጠላ መሰለ። ቀጥሎ አየሩ ከሥር እየነፋ አረፋ ያስነሣው ጀመር፤ አረፋው ከፍ ከፍ ብሎ በሣጥኑ አፍ ወጣና በብረቱ ላይ ተንጠባጠበ። ዘሀራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። እንደገና ወጣ።

ሸሪፋ በዚህ መሐል ተመልሳ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ደክሟታል። ወደ ውስጥ ሳትገባ፣ ስኳሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ለሁለት መቋጠር ጀመረች።

«ግማሹን ይዘው ይወጣሉ እትዬ። ደሴ ጠፍቷል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ለምን ትቸገሪያለሽ?» አለች ዘሀራ በሩን በገላዋ ከልላ።

«ምን ችግር አለው? ደግሞ ልንገርዎት፤ የሱፍ ይንገርዎት አይንገርዎት አላውቅም። መሥሪያ ቤቱ አሰብ ላይ ቤት ልስጥህ፣ ጠቅልለህ ግባ ብሎታል። መልሱን አሁን ሲመለስ ይሰጣል። እሱ ልቡ ሄዷል፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

«አንቺ?»

«እኔ። አባቴ እናታቸውን ደጋን ትተው ሄደው፣ ሳያዩአቸው ነው የሞቱባቸው። እስከ ዛሬ ያለቅሳሉ። የእርስዎን ልጅ ወስጄ ያን አላደርግም ብዬ ነው። አሰብ ሲናፍቀኝ ወንበሬን ስቤ ባሕሬ ፊት ቁጭ እላለሁ፣ ይወጣልኛል። ብቻ የቀረችኝ ዓሣም ከሞተች፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ እዚህ አገር መቆየት አልችልም። በሚቀጥለው ጉዞ አብሬው እሄዳለሁ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለችውን ነው። ዘሀራ ወደ ሣጥኑ ዞረች። ሣጥኑ ከደረቀ የሱፍ ወደ ደሴ የሚወጣ መስሏት ነበር፤ ለካስ ልጇን ዳገቱ ሥር አስሮ ያቆየላት ያው ሣጥን ኖሯል። እሷ ደግሞ ገመዱን በገዛ እጇ ኮሶ አጠጣችው።

«ሸሪፋ! ተነሺ!» ብላ ጮኸች። «ኮሶ ጨምሬበታለሁ!»

ሸሪፋ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ስኳሩ ከጉልበቷ ወድቆ ተበተነ። ዘላ ገባች። ዓሣዋ አረፋው ሥር በጎኗ ተንጋላ አፏን ትከፍታለች ትዘጋለች። ሸሪፋ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ ብትሰድባት ለዘሀራ በቀለላት ነበር። «ጀሪካኖቹን ያምጡ፣ ከጓሮ!» ብቻ አለች።

ጓሮ የሱፍ በመጨረሻው ጉዞ ያመጣው የባሕር ውሃ ነበር። ዘሀራ በዕድሜዋ እንደዚያ ሮጣ አታውቅም። ልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ሞሉት፤ ሸሪፋ ዓሣዋን በሻይ ማጥለያ ጨልፋ ወደ ንጹሑ ውሃ አዛወረቻት። ቀጥላ ትንንሾቹን ድንጋዮች ከነመርጃናቸው እያነሣች በባልዲ፣ በገንዳ፣ በተገኘው ሁሉ መደርደር ያዘች። ትንሹ ሞተር በኮሶው አተላ ተደፍኖ ቆሟልና ዘሀራ መንፊያውን አንሥታ ሳፋው ውስጥ ከተተችና መንፋት ጀመረች። «ያረቢ፣ ያረቢ» እያለች ነፋች።

ያን ጊዜ ነው ትሉ የወጣው። ኮሶው ዘልቆ አግኝቶታል። ከትልቁ ድንጋይ ቀዳዳ እየተጠማዘዘ ብቅ አለና የሣጥኑን መስተዋት ተከትሎ ተዘረጋ። ሸሪፋ ወረንጦዋን ይዛ ተንደረደረች።

«እንዳትጎትቺው! ይበጠሳል!» አለች ዘሀራ። መንፊያውን አስያዘቻትና እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ ክርኗ ውሃው ውስጥ ከተተች። ለደንበኞቿ ሁሉ የምትለው ይኸንኑ ነው፤ ትል አይጎተትም፣ ይጠበቃል። ትሉን ከሥር በመዳፏ ደግፋ ያዘችው። በእሳት የተጠበሰች መሰላት። አልለቀቀችም። እንባዋ እየወረደ፣ የቀረው አካሉ በራሱ ጊዜ ከቀዳዳው ተስቦ እስኪያልቅ ጠበቀች። ሙሉው ሲወጣ አንሥታ የቧንቧ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ጣለችው። ጨው የለመደ ፍጡር ነውና ጥቂት ተገላበጠና ጸጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ሥራው መንፋት ብቻ ሆነ። ሸሪፋ ሣጥኑን እያጠበች፣ ዘሀራ በግራ እጇ እየነፋች ቀኑ መሸ። አመሻሽ ላይ ዓሣዋ ቀና አለች። መርጃኖቹ ግን ብዙዎቹ ቀለማቸውን ጥለው ነጭ ድንጋይ ሆነው ቀርተዋል።

መብራት ሥር ሸሪፋ የዘሀራን ቀኝ እጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ የተሰካውን የትሉን ፀጉር በፕላስተር እየለጠፈች ታወጣ ጀመር። እጁ እንደ ሊጥ አብጧል።

«ለምን አደረጉት እትዬ?» አለች ቀና ሳትል።

ዘሀራ መዋሸት ትችል ነበር። ግማሽ ውሸቱ እውነት ስለሆነ እንኳ በቀላሉ ይታመንላት ነበር።

«ትሉን ልገድልልሽ ብዬ ነው» አለች። «ለዚያ ብቻ ነው ብዬ ግን አልምልም። ባሕርሽ ቢሞት ደሴ ትወጡልኛላችሁ ብዬም ነው።»

ሸሪፋ የሚቀጥለውን ፕላስተር ትንሽ ጠንከር አድርጋ ሳበችው።

የሱፍ በማግስቱ ከሰዓት ደረሰ። ግማሹን ባዶ የሆነውን ሣጥን፣ የሚስቱን ፊት፣ የእናቱን የተጠቀለለ እጅ እያፈራረቀ አየ። ሸሪፋ አፏን ልትከፍት ስትል ዘሀራ ቀደመቻትና የሆነውን ሁሉ ሳታስቀር ነገረችው።

«እማ!» አለ የሱፍ። «የሰው መህር ላይ ኮሶ?»

«የሰው መህር ላይ ኮሶ» አለች ዘሀራ። «አፍ የለኝም። ሂዱ፤ አሰብ ግቡ። እኔ ከእንግዲህ ቅሩ የምልበት ፊት የለኝም።» ይህን ስትል መለየቱን እንደምትችለው እርግጠኛ ነበረች። ነጠላዋን አፏ ላይ መጎተቷን ራሷም አላወቀችም።

የሱፍ ሚስቱን አየ። «እንግዲያው ነገ መልሱን እሰጣለሁ። እንሄዳለን።»

ሸሪፋ ሣጥኑ አጠገብ ቆማ ብቸኛዋን ዓሣ ታያለች።

«አንሄድም» አለች። «ይቺ ዓሣ ደከመች እንጂ አልሞተችም። ድንጋይ ታመጣልኛለህ፣ ትንሹን መርጠህ፣ ጨለማ ውስጥ አቆይተን መርምረን ነው የምናስገባው። ግን እኔም ብቻዬን መንፋት ሰለቸኝ። አንተ መንገድ ነህ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ክንዴ ይዝላል። ትናንት ሁለት ሆነን ባንነፋ ይቺም አትተርፍም ነበር።» ወደ ዘሀራ ዞረች። «እርስዎ ይውረዱ። እዚህ ከእኛ ጋር ይኑሩ።»

ዘሀራ የምትሰማውን አላመነችም። ቀን ከሌት የለመነችው ነገር እግሯ ሥር ወድቆ አገኘችው፤ ወድቆ ያገኘችው ግን በማትደርስበት በኩል ነው።

«አይሆንም» አለች።

«እማ፣ ለምን?» አለ የሱፍ። «ደንበኛ እንደሆነ የኮምቦልቻም ሰው ሆድ አለው።»

«አይሆንም አልኩ።»

«በእኔ ተቀይመው ነው?» አለች ሸሪፋ።

«አንቺን ምን ብዬ እቀየምሻለሁ?» አለች ዘሀራ። ከዚያ እስከዚያች ቀን ለማንም ያላወጣችው ቃል ከደረቷ እንደ ሳል ወጣ። «ሙሄዲን ቢመጣስ? ቤቱ ተዘግቶ ቢያገኘውስ? ማን ይከፍትለታል?»

የሱፍ ተቀመጠ። የወንድሙ ስም በእናቱ አንደበት ከተጠራ ዓመታት አልፈዋል። እሱ ወንድሙ እንደሞተ ካመነ ቆይቷል፤ እናቱም ያመነች ይመስለው ነበር። አሁን ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀ። ሸሪፋ በዓይኗ ከለከለችው። መጥታ ዘሀራ ፊት ተንበረከከችና ያበጠውን እጅ እንዳያማት በጣቶቿ ጫፍ ያዘችው።

«እነዚህን ቀናት ቤትዎ ማን አደረ?» አለቻት።

«ሥርጉት።»

«ታማኝ ናት?»

«ከእህት ትበልጣለች።»

«እንግዲያው ቁልፉን ለሷ ይስጧት። ከመጣ ትከፍትለታለች። ከዚያ ወደዚህ ትልከዋለች።»

ሸሪፋ ሞቷል አላለቻትም፣ አይመጣም አላለቻትም። በዚህ ዓለም ላይ «ከመጣ» ብሎ ያነጋገራት የመጀመሪያዋ ሰው ይቺ የባሕር ልጅ ናት። ዘሀራ ያን ጊዜ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ የሱፍም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በሳምንቱ የሱፍ መኪናውን ደሴ አውጥቶ የእናቱን አልጋና የልብስ ሣጥን ጫነ። ዘሀራ ቤቱን ጠረገች፤ ኖራ የተቀባውን ክፍል ሁለት ጊዜ ጠረገችው። ወደ ሰኞ ገበያ ሄዳ ቁልፉን ሥርጉት መዳፍ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችባቸው።

«ሙሄዲን ልጄ ከመጣ» አለቻት፤ ሥርጉት የምታስገባውን ቃል እስክታገኝ አልጠበቀቻትም። «ብርድ መቶት ይመጣል፤ መጀመሪያ አብይው። ከዚያ እናትህ ኮምቦልቻ ናት በይው።»

«ቤቱን በምን ያውቀዋል?» አለች ሥርጉት ዓይኗ ውሃ ሞልቶ።

«ባሕር ያለበት ቤት ብለህ ጠይቅ በይው። ኮምቦልቻ ሌላ ባሕር የለም።»